የማንጎ እሸት

ጥር ሲገባ የአዳማ ነፋስ ሌሊት አያስተኛም። ከተማችንን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ በበጋው ወራት አቧራውን እያስነሳ፣ በሩን እያንኳኳ፣ ያልታሰረውን ሁሉ እያንከባለለ ይነፍሳል፤ ከከተማው ወጣ ብለው ባሉት ኮረብታዎች ላይ በ2004 ዓ.ም. 34፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 የነፋስ ተርባይኖች ሥራ ጀምረው በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የተገኘውም ከዚሁ ነፋስ ነው። እኔ ግን ነፋሱን ከሁሉ አስቀድሜ የማውቀው በአንድ ድምፅ ነው። ከጓሯችን የማንጎ ዛፍ ላይ ጥሬውን ፍሬ ይቀጥፍና በቤታችን ጣሪያ ላይ ይጥለዋል፤ ቆርቆሮው አንድ ጊዜ ይጮኻል፣ ፍሬው እየተንከባለለ ይወርዳል፣ ከዚያም መሬት ሲያርፍ ይሰማል። ልጅ ሳለሁ ከአልጋዬ ሳልነሣ እቆጥራቸው ነበር።

ሲነጋ የወደቀውን መልቀም የእኔ ሥራ ነበር። በጥር የሚወድቀው ፍሬ የዶሮ እንቁላል እንኳ አያክልም፤ መጋቢት ሲደርስ ግን የሚወድቀው በእጅ ይሞላል፣ ቆዳው ጠንካራ፣ ሥጋው ነጭ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ ጎምዛዛ ነው። እኛ ልጆች ጥቂቱን በጨውና በሚጥሚጣ እየነከርን እንበላ ነበር። የቀረው ለጎረቤት ፍየሎች ይሄዳል፣ ፍየሎቹም ሲጠግቡ ከአጥሩ ሥር ተከምሮ ይበሰብሳል። እናቴ ይህን ስታይ ፊቷ ይጨልም ነበር፤ እህል የሚጣልበት ቤት በረከት አያድርበትም ብላ የምታምን ሴት ነበረችና። ኋላ እንደተረዳሁት ዛፉ ራሱም ቢሆን ያበበውን ሁሉ አያደርስም። አንድ የማንጎ የአበባ ዘለላ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች ይይዛል፤ ከእነዚህ ውስጥ ፍሬ ሆነው እስከ መብሰል የሚደርሱት በጣም ጥቂቶች ናቸው። ነፋስ ባይኖር እንኳ ከዛፉ ሥር ሁልጊዜ ጥሬ ፍሬ ይገኛል ማለት ነው።

በ1963 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከተማዋም ያኔ ናዝሬት ትባል ነበር። በዚያ ዘመን በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ብዙ ህንዳውያን መምህራን ያስተምሩ እንደነበር የዕድሜ እኩዮቼ አይዘነጉትም። ከእነዚህ አንዱ ከባለቤታቸው ጋር ከእኛ ቤት ጎን ያለውን ቤት ተከራይተው ነበር። የመጡት በህንድ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ካለችው ከኬራላ ሲሆን፣ በእምነታቸውም የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበሩ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከእኛዋ ጋር በእምነት አንድ ከሆኑት አኃት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት፤ መሪዎቻቸው ሁሉ በጥር 1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በንጉሠ ነገሥቱ ጥሪ ተሰብስበው ነበር። እናቴ ይህን ሁሉ የምታውቀው አይመስለኝም። የምታውቀው፣ ጎረቤቷ ዓቢይ ጾምን እንደምትጾም፣ ስትጸልይም እንደምታማትብ ነው፤ ይህም «እህቴ» ብላ ለመጥራት በቂ ምክንያት ሆናት። እኛ ልጆች ደግሞ እትዬ እንላቸው ነበር።

አንድ ቀን፣ በሁዳዴ መካከል፣ እናቴ ነፋስ የጣለውን ማንጎ በቅርጫት ሞልታ ወደ አጥሩ ስትሄድ እትዬ ከበራቸው ላይ ሆነው አዩዋት። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነበር፤ አጭር፣ ያለ ማያያዣ፣ ግን ስቶ የማያውቅ።

«ይህ ይጣላል?» አሏት።

«ጥሬ ነው እኮ እህቴ፤ ምን ይሠራል?» አለች እናቴ።

እትዬ ወደ ቅርጫቱ መጥተው አንዱን አነሡ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፣ አሸተቱት። «ጥሬ አይደለም» አሉ። «ሌላ ነው።»

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሴቶች በእኛ ግቢ ተቀምጠው ልጣጩን ይልጡ ጀመር። እኔም ልጣጩን እየሰበሰብኩ ከመካከላቸው ነበርኩ። ያን ቀን የተሠራው ነገር ቻትኒ የሚባል የህንድ ማባያ መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው፤ በቤታችን ለዓመታት «የእትዬ ማንጎ» ነበር ስሙ።

«ሌላ ነው» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የቃሉን ታሪክ ሳነብ ነው። እኛም ሆንን ሌላው ዓለም «ማንጎ» የምንለው ስም ከእትዬ አገር ቋንቋ፣ ከማላያላም የመጣ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1498 ካሊከት ከደረሰ በኋላ በዚያ ዳርቻ የሰፈሩት የፖርቱጋል ነጋዴዎች «ማንጋ» የሚለውን ቃል ከሕዝቡ አፍ ተቀብለው ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች አሻገሩት። የቅርብ ዘመዱ በሆነው በታሚል ቋንቋ ቃሉ ሲፈታ መጨረሻው ያልበሰለ ፍሬ ማለት ነው፤ ለበሰለው ራሱን የቻለ ሌላ ስም አላቸው። እንግዲህ በየገበያው የምንጠራው ስም ከሥሩ የጥሬው ፍሬ ስም ነበር ማለት ነው። እትዬ ሌላ ነው ሲሉ ቋንቋቸው ያስተማራቸውን መናገራቸው ነበር፤ በእርሳቸው ዘንድ ሁለቱ አንዱ የደረሰ ሌላው የጎደለ ፍሬ ሳይሆኑ፣ ሁለት የተለያዩ ምግቦች ነበሩ።

በእኛ ቋንቋ ጥሬ የሚለው ቃል ለማንጎ ሲነገር የጉድለት ቃል ነው። ብስሉን ከጥሬው እንለያለን፤ ያልተገራውንም ሰው ጥሬ እንለዋለን። ነገር ግን እኛም ያልደረሰውን የምናከብርበት አንድ ቃል አለን፣ እርሱም እሸት ነው። የባቄላ እሸት፣ የሽምብራ እሸት፣ የበቆሎ እሸት የሚጠበቅ፣ ለዘመድ የሚላክ፣ ሲቀርብም ተመርቆ የሚበላ ነው፤ እሸት የጎደለው እህል ነው ብሎ የሚያዝን ገበሬ አላጋጠመኝም። እሸት ለእህልና ለጥራጥሬ እንጂ ለዛፍ ፍሬ አይባልም የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል፣ እውነቱም ከእርሱ ጋር ነው። እኔ ግን በየዓመቱ መጋቢት ከዚያ ዛፍ ሥር ጎንበስ ስል ከዚህ የተሻለ ቃል አጥቻለሁ።

ቻትኒ የሚለው ስም ደግሞ በህንድኛ መላስ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በህንድ ምድር ቻትኒ በአብዛኛው በዕለቱ ተፈጭቶ በዕለቱ የሚበላ ነው፤ ድንብላል፣ ናና፣ ኮኮናት፣ ቃሪያ በድንጋይ ይደቆስና ከምግቡ ጎን ይቀመጣል፣ ልክ እኛ አዋዜና ዳጣ እንደምናቀርበው። በስኳርና በአቼቶ ተቀቅሎ፣ በጠርሙስ ታሽጎ ወራት የሚቆየው ዓይነት የተስፋፋው እንግሊዞች ህንድን ይገዙ በነበረበት ዘመን፣ ለረጅም የባሕር ጉዞ የሚሆን ምግብ ሲፈለግ ነው። በምዕራቡ የጉጃራት ግዛት ደግሞ ከእሳት ጋር የማይገናኝ ሌላ ዘዴ አለ፤ የተፋቀ ጥሬ ማንጎ ከስኳር ጋር ተቀላቅሎ፣ አፉ በስስ ጨርቅ ታስሮ፣ ስኳሩ ማር እስኪመስል ድረስ ለብዙ ቀናት ፀሐይ ላይ ይውላል። ይህን በአዳማ ፀሐይ ሞክሬው ሰምሮልኛል፤ አቧራችን ግን ጨርቁን ስለሚያልፍ ደጋግሜ አልሠራሁትም።

ስለ ቅመሙ ማውራት እወዳለሁ። እትዬ ከአገራቸው ያመጡት ቅመም አልቆባቸው ስለነበር ከእናቴ ጓዳ የሚሆነውን ለመምረጥ ገቡ። እናቴ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ስታስሸትታቸው፣ እርሳቸውም እያሸተቱ ወደ ጎን ሲያስቀምጡ አስታውሳለሁ፤ ሰናፍጭ፣ አብሽ፣ ከሙን፣ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት። ያጡት አንድ የሚወዱትን የቅጠል ቅመም ብቻ ነበር። እናቴ በበኩሏ ሳይጠይቋት ጥቁር አዝሙድና ጥቂት ኮረሪማ ጨመረች። ብዙ ቆይቼ እንዳነበብኩት በምሥራቅ ህንድ፣ በቤንጋል፣ ለማንጎ ቻትኒ የሚውል የአምስት ቅመሞች ድብልቅ አለ፤ እነርሱም አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከሙን፣ ሰናፍጭና እንስላል ናቸው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ገባሁ። አምስቱም ነበሩ። ለአዋዜ፣ ለበርበሬ፣ ለንጥር ቅቤ፣ ለስልጆ ስንገዛቸው የኖርናቸው ናቸው። እናቴ በግምት የጨመረችው ጥቁር አዝሙድ በሌላው የህንድ ጫፍ ያሉ ሴቶችም ከማንጎ ጋር የሚያጋቡት መሆኑን ሳታውቅ ማለፏ ይቆጨኛል።

ኮረሪማ ግን በህንድ የለም፤ እርሱ የእኛው ነው። ሄል የሚባለው ቅመም በመዓዛው ቢቀርበውም ከማንጎ ጋር ሲቀቀል ሳሙና ሳሙና የማለት ጠባይ አለው፣ ኮረሪማ ግን ከስኳሩ በታች ሆኖ ቆይቶ ይመጣል። ፍሬውን ከቅርፊቱ አውጥቼ በሙቀጫ ሸካራ አድርጌ እወቅጠዋለሁ፤ እንደ ዱቄት ከላመ ድስቱን ያጠቁረዋል።

ፍሬው ሲመረጥ ወሳኙ ነገር ጥንካሬው ነው። ፍሬው አድጎ፣ የውስጡ ዘር ቅርፊት ጠንክሮ፣ ሥጋው ግን ገና ነጭ ወይም ለቢጫ የቀረበ ሲሆን ከሁሉ ይሻላል፤ ቢላ ሲገባበት እንደ ጥሬ ድንች ድምፅ ካላሰማ ለዚህ ሥራ አልፎበታል። ከነፋስ የወደቀ ከሆነ የተሰነጠቀውን ክፍል በሰፊው ቆርጦ መጣል ያስፈልጋል፤ ከወደቀ ሁለት ቀን ያለፈውን አልወስድም። ከእንጨቱ ጋር የተያያዘበት ጫፍ የሚያወጣው ሙጫ ቆዳን ያቃጥላል፣ አንዳንድ ሰውንም ያሳብጣል፤ ማንጎ በየመንገዳችን ዳር ከምናየው፣ በተለምዶ ቁንዶ በርበሬ ከምንለው ቅጠለ ረጃጅም ዛፍ ጋር ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው፣ ሙጫውም የዚያ ቤተሰብ ምልክት ነው። ስለዚህ ጫፉን ቆርጬ ፍሬዎቹን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ካቆየሁ በኋላ ነው የምልጠው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዛፋችን ቅጠሎችና ፍሬዎች ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ማየት ጀምሬያለሁ። በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የታየው የማንጎ ነጭ ቅርፊት ለበስ ነፍሳት ነው፤ ከቅጠልና ከፍሬ ላይ ተጣብቆ ፈሳሹን ይመጥጣል፣ በፍሬው ቆዳ ላይም ሮዝ ጠባሳ ይተዋል። እንዲህ ያለውን ፍሬ ገበያ አይቀበለውም። ጠባሳው ግን ከቆዳው አያልፍም፤ ሲላጥ አብሮ ይወጣል። ገዢ የሚሸሸውን ፍሬ የሚቀበል ምግብ መኖሩ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

የእናቴ መስፈሪያ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ነበር። «ሦስት ጣሳ ማንጎ፣ አንድ ጣሳ ስኳር፣ ግማሽ ጣሳ አቼቶ ከፍ አድርገሽ» ትለኝ ነበር። ጣሳው ዛሬም አለ፤ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ስለካው በቀጭኑ የተከተፈ ማንጎ ሦስቱ ጣሳ 1,250 ግራም፣ አንዱ ጣሳ ስኳር 600 ግራም፣ ከፍ ያለው ግማሽ ጣሳ አቼቶ 400 ሚሊ ሊትር ሆኖ አገኘሁት። 1,250 ግራም የተላጠ ሥጋ ለማግኘት ሁለት ኪሎ ያህል ፍሬ ያስፈልጋል። ከዚህ ላይ 60 ግራም ዝንጅብል፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ 100 ግራም ዘቢብ፣ ከሰናፍጭ፣ ከጥቁር አዝሙድና ከከሙን አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከእንስላል ዘር ግማሽ፣ ከአብሽ ደግሞ ሩብ ብቻ እጨምራለሁ፤ አብሽ ሲበዛ ይመራል። ሚጥሚጣው እንደ ቤቱ ነው። እኛ ቤት አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ይገባል።

የተከተፈውን ማንጎ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጋር ለውሼ ሌሊቱን አሳድረዋለሁ። ጨው ውኃውን ይስባል፤ ጠዋት ከሳህኑ ሥር አንድ ብርጭቆ የሚሆን ደብዛዛ ፈሳሽ ይገኛል፣ እርሱም በወንፊት ተጠልሎ ይደፋል። ይህን ያልፈጸመ ሰው ቻትኒው ቀጥኖበት ለረጅም ጊዜ ሲያፈላ ቁራጮቹ ይፈርሱበታል። ጨው ያደረበት ማንጎ ግን ጥርስ ላይ የሚሰማ ሆኖ ይቀራል፤ ከማርማላታ የሚለየውም አንዱ ይህ ነው።

አቼቶውን በሚመለከት ጠንቃቃ ነኝ፤ አንባቢም እንዲጠነቀቅ እለምናለሁ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ አሲድ የሚል የተጻፈበትን ብቻ እገዛለሁ፣ ውኃም አልጨምርበትም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከአፈር የሚወጡ፣ በራሳቸው ጎምዛዛ ያልሆኑ ነገሮች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ምግብ አየር በሌለበት ጠርሙስ ታሽጎ ሲቀመጥ፣ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ4.6 በላይ ከሆነ፣ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ ገዳይ መርዝ ሊያመነጭበት ይችላል። ጎምዛዛው ማንጎና አቼቶው አንድ ላይ ሆነው መጠኑን ከዚያ በታች ያደርጉታል። የአቼቶው ሽታ ይከብዳል ብሎ የሚቀንስ ሰው ጠርሙሶቹን በማቀዝቀዣ አስቀምጦ በቶሎ ይጨርሳቸው። ድስቱም አሉሚኒየም ወይም መዳብ መሆን የለበትም፤ አሲዱ ብረቱን እየበላ ጣዕሙን ያበላሸዋል። የማይዝግ ብረት ድስት፣ ታቹ ወፈር ያለ፣ ከሁሉ ይሻላል።

መጀመሪያ ሰናፍጩን በጥቂት ዘይት አሞቃለሁ፤ መፈናጠር ሲጀምር ሌላውን ቅመም ጨምሬ ሽታው ሲነሣ፣ ሳይጠቁር፣ አቼቶውን አፈስበታለሁ። ከዚያ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ማንጎው ይገባሉ። ስኳሩን አብሬ አልጨምርም። ማንጎው ለአሥር፣ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ለስለስ ካለ በኋላ ነው ስኳሩ የሚገባው፤ ስኳር ቀድሞ ከገባ ቁራጮቹን አጠንክሮ እንደ ቆዳ ያደርጋቸዋል። ስኳር የጎረቤታችን የወንጂ ሀብት ነው፤ የኔዘርላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ያቋቋመው ፋብሪካ የመጀመሪያውን ስኳር ያመረተው በ1946 ዓ.ም. ነው፣ እናቴም ያኔ ከአዳማ ሆና ስለ አገዳው ማሳ የሰማችውን ሁሉ ትነግረን ነበር። ከስኳሩ በኋላ እሳቱ ይቀንስና አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ትንሽ አልፎ፣ በማማሰያ እየተማሰለ ይቆያል። ዘቢቡን ወደ መጨረሻው እጨምራለሁ። ከተማሩ ልጆቼ ይልቅ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ታጋሽ ክንድ ነው፤ ዘወር ያሉ ጊዜ ታቹ ይይዛል።

መድረሱን እንዴት እንደማውቅ የተማርኩት በጥፋት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ልጄ የምግብ ቴርሞሜትር ገዝቶልኝ፣ አንድ የውጭ አገር የምግብ አሠራር መጽሐፍ ድብልቁ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ጠብቁ ይል ስለነበር ጠበቅሁ። ድስቱ ወፈረ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ ታቹ አረረ፤ መለኪያው ግን ገና 102 ላይ ነበር። የሁለት ቀን ሥራና ስድስት ኪሎ ማንጎ ጠፋ። ምክንያቱን የነገረኝ ፊዚክስ የሚያስተምር ጎረቤቴ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ውኃ በ100 ዲግሪ በሚፈላበት በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው፤ አዳማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ እዚህ ውኃ የሚፈላው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በእነርሱ 105 የሆነው በእኛ 100 ገደማ ነው፣ ከዚያ በላይ መጠበቅ ውኃውን ጨርሶ ስኳሩን ማቃጠል ነው። ዛሬ ቴርሞሜትሩ በመሳቢያ ውስጥ ነው። እትዬ ለእናቴ ያሳዩዋትን እከተላለሁ፤ ማማሰያው በድስቱ ታች ላይ መስመር ሲያሰምር፣ መስመሩ ወዲያው በፈሳሽ ካልተሞላና ታቹ ለአፍታ ከታየ ደርሷል። ሲቀዘቅዝ የበለጠ ስለሚወፍር ትንሽ ቀጠን እንዳለ ማውጣት ይገባል።

ያው ከፍታ ጠርሙሶቹንም ይመለከታል። በባሕር ጠለል ላይ ጠርሙስን ለማምከን አሥር ደቂቃ ውኃ ውስጥ ማፍላት ይበቃል፤ ውኃው በዝቅተኛ ሙቀት በሚፈላበት በእኛ ከፍታ ግን አሥራ አምስት ደቂቃ አፈላቸዋለሁ። የተፈላው ጠርሙስ ገና ትኩስ እንዳለ ትኩሱ ቻትኒ ይገባበታል፣ በማንኪያ እጀታ አየሩ ይወጣል፣ አፉ ተጠርጎ ወዲያው ይከደናል። ክዳኑ ከውስጥ ቀለም የተቀባ መሆኑን አያለሁ፤ ራቁቱን የሆነ ብረት በአሲዱ ይዝጋል። ከላይ የጠቀስኩት መጠን አራት የማርማላታ ጠርሙስ ይሞላል።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። በሠሩት ቀን የቀመሱት ቻትኒ አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ አቼቶው ብቻውን ይጮኻል፣ ቅመሙም ገና አልተዋወቀም። ቢያንስ አምስትና ስድስት ሳምንት በጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ዓመት የሞላው ደግሞ ቀለሙ እንደ ጠጅ ይጠቁራል፣ ጎምዛዛውና ጣፋጩ መለያየት ያቆማሉ። እኔ የመጋቢቱን የምከፍተው በሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ ነው።

ለብዙ ዓመታት፣ እናቴ ካረፈች በኋላ፣ ከዚህ መንገድ ወጥቼ በበሰለ ማንጎ እሠራ እንደነበር መናገር አለብኝ። ግንቦት ላይ የአርባ ምንጭና የአዋሽ ሸለቆ ማንጎ ገበያችንን ሲያጥለቀልቀው፣ በየመደቡ ሲፈስስ፣ ሲረክስና ሲበሰብስ አይቼ፣ ያን ማትረፍ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። በስኳሩ ላይ ስኳር ሆነ። ፍሬው ፈርሶ እንደ ቡላ ገንፎ ተላወሰ፣ ጎምዛዛነቱ ስለሌለ በአቼቶ ልተካው ሞከርኩ፣ አቼቶ ግን ጎምዛዛ እንጂ ማንጎ አይደለም። በተጨማሪም ጥሬው ፍሬ ድብልቁን የሚያያይዘው ፔክቲን በብዛት አለው፤ ሲበስል ይህ ነገር ይፈርሳል፣ ስለዚህ የበሰለው ማንጎ እስኪወፍር ድረስ ሲቀቀል ሽታው ሁሉ ይተናል። ለበሰለ ማንጎ ጭማቂ ይሁነው፣ ማርማላታ ይሁነው፣ በእጅ ተልጦ ይበላ። ይህን ለመረዳት ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ፈጀብኝ፣ በመጨረሻም የመለሰኝ የእትዬ ሁለት ቃላት ናቸው።

የጾም ገበታ ላይ ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር አላውቅም። ከሽሮ ጎን አንድ ማንኪያ ሲቀመጥ፣ ጉርሻው ላይ በጥቂቱ ሲነካ፣ ቅቤ የሌለውን ገበታ ይሞላዋል። ከተቀቀለ ድንች፣ ከምስር ሳምቡሳ፣ ከሩዝ ጋር ይስማማል፤ ከጎመን ጋር አይስማማም። ረቡዕና ዓርብ ከጎረቤቶቼ ልጆች አንዱ ባዶ ሳህን ይዞ ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። የሙስሊም ጎረቤቶቼም በረመዳን ለሳምቡሳ ብለው ይወስዱልኛል፤ በምላሹ የሚመለሰው ሳህን ባዶ ሆኖ አያውቅም። በፋሲካ ከጥብስ ጋር የሞከሩት የልጅ ልጆቼ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ያለ እርሱ ጥብስ አንበላም ይላሉ፣ ለእኔ ግን የጾም ምግብ ነው።

መምህሩና ባለቤታቸው የሥራ ውላቸው ሲያልቅ፣ ከአብዮቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እናቴ ለመንገድ ስንቅ ብላ በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጀችላቸው፤ እትዬ ደግሞ ሲሄዱ ትንሿን የብረት መፋቂያቸውን ትተውላት ሄዱ። ጥርሷ ዶልዱሟል፤ ዝንጅብሉን እስካሁን የምፍቀው ግን በእርሷ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለት ደብዳቤ እንደመጣ አስታውሳለሁ፣ እኔ ነበርኩ ለእናቴ እያነበብኩ የምተረጉምላት። በአንደኛው ላይ የጠየቁት የእኛን ጤና ካስቀደሙ በኋላ አንድ ነገር ነበር፤ ዘንድሮስ ነፋሱ ብዙ ጣለ ወይ የሚል።

ትናንት ሌሊት በጣም ነፈሰ። ጠዋት ወጥቼ ሃያ ሦስት ፍሬ ለቀምኩ፤ አምስቱ ክፉኛ ተሰንጥቀው ጉንዳን ስለገባባቸው ተውኳቸው፣ ሌላው ንጹሕ ነው። ከጎን ያለው የተከራይ ልጅ ደግሞ በእነርሱ በኩል የወደቀውን በፌስታል ሰብስቦ በአጥሩ ላይ አቀበለኝ፣ ከዚያ ሁለቱን በሚጥሚጣ ነክሬ እንድሰጠው እየጠበቀ ቆመ። አሁን ሁሉም ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በጨው ተለውሶ በትልቁ ሳህን ውስጥ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ነገ ጠዋት ዝንጅብል መግዛት አለብኝ።